ከሁለት መቶ ስምንተኛው ገጽ በኋላ

ሃያ ሰባት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ተማሪ ጠይቆኝ አፌን የያዘኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። የጠየቀችኝ ሄርሜላ የምትባል፣ ዘንድሮ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት። ጥያቄው ምንም የሚከብድ አልነበረም። «ቲቸር፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ መቼ ነው የምናነበው?» ነው ያለችኝ። የጠየቀችኝም የእህቴ ልጅ ልትዳር ስድስት ቀን ሲቀራት፣ እኔም ሰርጉ ላይ አልገኝም ብዬ ከቆረጥኩ በኋላ ነው።

አትቸኩሉ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ። ወለተማርያም እባላለሁ። የማስተምረው ከዊንጌት ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ቁልፉን ለማንም የማልሰጠው ቁም ሳጥን አለኝ። ውስጡ «የወንድማማች አጥር» የተባለ የድሮ ልብ ወለድ ሠላሳ ስምንት ቅጂ ተደርድሯል፤ ሁሉም ከአንድ ካርቶን የወጣ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠጋገነ። መጽሐፉ ዳግመኛ ስላልታተመ ሌላ ቦታ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ተማሪዎቼ ለሁለት ለሁለት እየሆኑ እዚያው ክፍል ውስጥ ያነቡታል። ቤት ይዞ መሄድ የሚባል ነገር የለም፤ የሞከሩ ሁለት ልጆች እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሸሹኛል።

ታሪኩ አጭር ነው። ወልዴና ሽብሩ የሚባሉ ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ወሰን ይጣላሉ። ታናሹ ሽብሩ «ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም» ብሎ ይምልና አገር ጥሎ ይሄዳል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ተመልሶ ወንድሙ በር ላይ ይቆማል። ገጽ ሁለት መቶ ስምንት፣ የመጨረሻው መሥመር፦ «እጁን ወደ በሩ አነሳ።» አራት ነጥብ። አለቀ።

ያን አራት ነጥብ እንደ ልጄ ነው የምወደው። እዚያ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ሁለት ደቂቃ ዝም እላለሁ። ከዚያ መጠየቅ እጀምራለሁ። በሩ ምንን ይወክላል? ክብርን። የተነሳው እጅስ? ምርጫን። ደራሲው እዚህ ላይ ለምን አቆመ? ፍጻሜውን ለአንባቢ ሊተው ፈልጎ። ታዲያ ሽብሩ አንኳኳ ወይስ አላንኳኳም? አላንኳኳም። ለምን? የማለ ሰው ነዋ፤ ክብር ያለው ሰው በር ድረስ ይሄዳል እንጂ አያንኳኳም። ይህን ፈተና ላይ የጻፈ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ዊንጌት ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ገብታችሁ «የቲቸር ወለተን ኖት» ብትሉ ይህንኑ አባዝተው ይሰጧችኋል።

የዚያን ሰኞ ሁለት ደቂቃዬን ሳልጨርስ ሄርሜላ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። የመጨረሻው ምዕራፍ መቼ እንደሚነበብ ጠየቀችኝ።

«የምን ምዕራፍ?» አልኳት።

«ከዚህ ቀጥሎ ያለው። አሥራ ስድስት ገጽ ይቀራል እኮ።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አዲስ ልጅ ናት ብዬ ፈገግ አልኩ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ክፍት ፍጻሜ ይባላል። ደራሲው ሆን ብሎ ነው ያቆመው» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና ሽፋኑ ያው የሆነ፣ ግን ወፈር ያለ መጽሐፍ አወጣች። «የአያቴ ነው» አለችና ገልጣ አሳየችኝ። ሁለት መቶ ዘጠኝ። ሁለት መቶ አሥር። እስከ ሁለት መቶ ሃያ አራት።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ነው። አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል፤ የታጠፉት ተደራርበው ይሰፋሉ። ለእኛ የደረሰውን ካርቶን ሲሰፉ የመጨረሻዋን እጥፋት ረስተዋታል። በቃ፣ ይኸው ነው። «የደራሲው ታላቅ ጥበብ» እያልኩ ሃያ ሰባት ዓመት ያስተማርኩት የጠራዥ ስህተት ነው። ያኔ ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት «አባቴ ታሪኩ እንዲህ አያልቅም ይላል» ያለኝ ልጅ ትዝ አለኝ። አባትህ ከሌላ መጽሐፍ ጋር ተምታቶበት ነው ብዬ አስቀምጬዋለሁ። በሰው ፊት ነው ያልኩት።

«ስጪኝ፣ ልየው። ሰኞ እመልስልሻለሁ» አልኳት ሄርሜላን። ድምፄ ደህና ነበር። እጄ ግን ቾኩን ሁለት ቦታ ሰብሮት አየሁ።

መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት እንጂ አላነበብኩትም። ማክሰኞ አላነበብኩትም። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ደብተር ሳርም ዓምሃ መጣ። ዓምሃ የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል፣ ሃያውንም ዓመት አብሽቆኛል። ወሬው ደርሶታል።

«ታዲያ አንኳኳ?» አለኝ ሳይቀመጥ።

«አላነበብኩትም።»

«ምን ትጠብቂያለሽ? መጽሐፍ አይናከስ።»

«ዓምሃ፣ ሥራ የለህም?»

ሳቁን ተወና ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «የሩቲ ሰርግ እሁድ ነው አይደል?» አለኝ። ይህን ሰው አንዳንዴ የምጠላው ለዚህ ነው። ያስታውሳል።

አሁን ስለ እህቴ ልንገራችሁ። ሠርካዲስ ትባላለች፣ በአራት ዓመት እበልጣታለሁ። ቤቷ ቁስቋም ነው፤ ከእኔ ቤት በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈናል። ገና ልጅ ሳለች ጴንጤ ሆነች። በእሱ አልተጣላንም፤ እናታችንም ጥቂት ካዘነች በኋላ «ልጄ ናት፣ ምን አደርጋታለሁ» ብላ ተወችው። የተጣላነው እናታችን በሞተች በአርባኛው ቀን ነው። እኔ ተዝካር አወጣሁ። ካህናቱ መጡ፣ ሰፈሩ መጣ፣ ሠርካዲስም መጣች። ውሃ ስትቀዳ፣ ሰው ስታስተናግድ፣ በመሃል ስታለቅስ ዋለች። ምግብ ሲሰጣት ግን አልበላችም። እነሱ ተዝካር አይበሉም። ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሳትነካው ቁጭ ብላ አየኋት።

እኔ ደግሞ እንጀራዬ ምልክት መተርጎም ነው። ያን ሳህን ተረጎምኩት። የእናቴን እህል ተጠየፈች አልኩ። ካህናቱም ጎረቤቱም እየሰሙ «ከዛሬ ጀምሮ የእናቴ ልጅ አይደለሽም» አልኳት። ሳህኑን አስቀመጠች፣ ያኔ የስድስት ዓመቷን ልጇን ሩቲን እጇን ይዛ ወጣች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከኋላዋ ሮጬ ልመልሰው እችል ነበር፣ አልሮጥኩም። በማግስቱ እሷ ትምጣ አልኩ። በወሩ እሷ ትምጣ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ፤ እኔም አምኜ ተቀመጥኩ።

ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሩቲ ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ የሰርግ ካርድ ሰጠችኝ። ቁመቷ የእናቴ ነው። «አክስቴ፣ እርስዎ ቢመጡ እማዬ...» አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፣ ግንባሯን ሳምኳት፣ አልሄድም ብዬም ወሰንኩ። ለዚህም ማስረጃ ነበረኝ። አንደኛ ሰርጉ የዋለው በዐቢይ ጾም ነው፤ እኔ እንዳልመጣ ሆን ብላ የመረጠችው ቀን ነው አልኩ። ሁለተኛ ፖስታው ላይ ያለው ጽሑፍ የሩቲ እንጂ የሠርካዲስ አይደለም፤ ስሜን በእጇ መጻፍ ተጸይፋለች አልኩ። ምልክት ፈልጎ የሚያጣ ሰው የለም።

«አትሄጂም?» አለኝ ዓምሃ።

«በጾም ሰርግ?»

«ክርስትናሽን የጠየቀሽ የለም፤ ሰርግ ነው የተጠራሽው» አለና ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «ወለተ፣ እኔ መጀመሪያ እዚህ ስቀጠር ይህን መጽሐፍ ስታስተምሪ መስኮቱ ሥር ቆሜ ሰምቼሻለሁ። ያኔ ሽብሩ አንኳኳ ወይ ብለሽ ለልጆቹ ትተይው ነበር። አላንኳኳም የሚለውን መቼ ጀመርሽው?» አለኝ።

ሲወጣ ዓመቱን ቆጠርኩት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው የጀመርኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁስቋም ማርያም ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ከሠርካዲስ ቤት ብዙም አይርቅም፤ በእሷ በር የሚያልፈው መንገድ አጭሩ ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት በዳገቱ ዞሬ ነው የምሄደው። ጉልበቴ ደህና በነበረ ጊዜ አይሰማኝም ነበር፤ አሁን ሁለት ጊዜ እየተቀመጥኩ ነው የምወጣው። ተሳልሜ፣ ጸሎቴን አድርሼ፣ ከዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና መጽሐፉን አወጣሁ። ሰኞ እመልሳለሁ ብያለሁ፤ ሳላነብ ብመልስ ልጅቷን በምን ዓይኔ አያታለሁ።

ሽብሩ ያንኳኳል። ሁለት መቶ ዘጠኝ፣ የመጀመሪያው መሥመር ላይ ያንኳኳል፤ እንኳን ሊያመነታ። ወልዴ ይከፍታል። «ምነው ዘገየህ ወንድሜ» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ አሥራ አምስት ገጽ ሙሉ መላቀስ ነው። ሽብሩ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይደግመዋል፤ ይሠልሰዋል። ሚስትየዋ ታለቅሳለች፣ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ላይ በሬው ሳይቀር ያለቅሳል። መጨረሻው ላይ ደራሲው ራሱ ብቅ ብሎ ይመክረናል። ቦርሳዬ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ነበር፤ የሰው መጽሐፍ ባይሆንብኝ ኖሮ ገጹን ሁሉ ደም አስመስለው ነበር።

እንደ ሥነ ጽሑፍ ከሆነ የእኛው የተቆረጠው ይሻላል። ለዚህ እስክሞት እከራከራለሁ። ግን እዚያ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ ደራሲውን አሰብኩት። ይህ ሰውዬ እንዲህ ያለ ዝርክርክ ጸሐፊ አልነበረም። ሁለት መቶ ስምንት ገጽ ሙሉ አንዲት ትርፍ ቃል አልጣለም። ያን አራት ነጥብ ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ ቢያቆም እንደሚያምርለትም ያውቃል። እያወቀ ቀጠለ። ሽብሩን ዝናብ ላይ አቁሞ መሄድ አላስችል አለው። እኔ ግን ሃያ ሰባት ዓመት አቁሜዋለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ደግሞ አብሬው ቆሜያለሁ። አፈርኩ። በጣም ነው ያፈርኩት።

መጽሐፉን ከትቼ ተነሳሁና በአጭሩ መንገድ ወረድኩ።

የማንኳኳው በር አልነበረም። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጎረምሶች ድንኳን ይወጥራሉ፣ ወንበር ያስገባሉ። ምን ፈለግሽ ያለኝ የለም። አንዱ እንዲያውም «እማማ፣ ጓሮ ናቸው» ብሎ መራኝ። እማማ በመባሌ ትንሽ ከፋኝ፤ ቢሆንም ሄድኩ።

ጓሮ ስድስት ሰባት ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ትልልቅ ድስት ተጥዷል። በኋላ ቡርቱካን እንደምትባል ያወቅኋት ጎረቤት ቀና ብላ አየችኝ። ሥራ ልታግዝ የመጣች መስያታለሁ። «እሰይ፣ ሰው ጎድሎን ነበር» አለችና ነጭ ሽንኩርት የሞላበት ሳፋ አስታቀፈችኝ። ነጭ ሽንኩርት አይስማማኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ትንሽ እንኳን ከቀመስኩ ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው የሚያድረው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ የሰው ቤት ስጋበዝ ጠግቤያለሁ ብዬ ነው የማልፈው። መላጥ ግን አይከለክለኝም። በርጩማ ላይ ተቀምጬ እላጥ ጀመር። ሠርካዲስን በዓይኔ ፈለግኋት፣ አልነበረችም።

ስጨርስ የተላጠውን ይዤ ቅርቤ ወዳለችው ትንሽ የምስር ድስት ሄድኩ። ቡርቱካን ክንዴን ያዘችኝ።

«እሷ ላይ እንዳትጨምሪ።»

«ምነው?»

«ነጭ ሽንኩርት የማይበላ ሰው አለ። የሠርካዲስ እህት ናት አሉ።»

«ትመጣለች?» አልኩ።

«እኔ እንጃ። እኔ እዚህ ሰፈር ከገባሁ ይሄ ሦስተኛ ድግሷ ነው። ቤቱን ሲያስመርቁም፣ ሩቲ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅም ይቺን ድስት ለብቻ ጥዳለች። ሴትዮዋ መጥታ አታውቅም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሠርካዲስ ራሷ ትበላዋለች።» አለችና ማማሰያዋን አነሳች።

ምንም አልተረጎምኩም። ባለሁበት ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ቡርቱካን ግራ ገብቷት «ኧረ ነጭ ሽንኩርት አያስለቅስም» አለችኝ።

ሠርካዲስ የሳህን ክምር በትሪ ይዛ ከቤት የወጣችው ያኔ ነው። ጸጉሯ ሸብቷል። ይህን አልጠበቅሁም፤ በሐሳቤ አላስረጀኋትም ነበር። አየችኝና ቆመች። አንድ ቃል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለችም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ጥሩ ደራሲ ዝም ያሰኛል፤ ይህን እኔ ራሴ ነኝ በየዓመቱ ያስተማርኩት።

«የእናቴ ልጅ ነሽ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አፌ ሊገታ አልቻለም። ደግሜ አልኩት። ሳህኑን አየሁት፣ ያለቀስሽውን ግን አላየሁትም አልኳት። ከተዝካሩ ወደ ሩቲ ቁመት ሄድኩ፤ ከሩቲ ወደ ፖስታው፣ ከፖስታው ወደ ዳገቱ፣ በበርሽ ላለማለፍ ጉልበቴን ስንት ዓመት እንደፈጀሁት፣ እናታችን ብታይ ምን እንደምትለኝ፣ ተመልሼ ደግሞ ወደዚያው ሳህን። ይቅርታ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። መያዣ መጨበጫ የሌለው ንግግር ነበር። ተማሪ ጽፎት ቢያመጣ ከአሥር ሦስት እሰጠው ይሆናል። ሴቶቹ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ይሰሙኛል፣ ድንኳን ወጣሪዎቹም በአጥሩ በኩል ብቅ ብለዋል፣ እኔ ግን ማቆም አልሆነልኝም።

ሠርካዲስ አላቋረጠችኝም። ትንፋሽ አጥሮኝ ዝም ስል ትሪውን ለቡርቱካን አቀበለቻት። ዓይኗን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች።

«እኔም የምለው አለኝ» አለችኝ። «ረጅም ነው።»

በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።